ከመፈረማችሁ በፊት፦ ለካፋ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና አዋላጆች የቀረበ ጥሪ

የካፋ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ አዋላጆች! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና፣ በአዲዮ ጤና ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት የምታዝዙት እናንተ ናችሁ። ታካሚው ማዕረጋችሁን አይጠይቅም። ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ይጠራል፤ የጻፋችሁለትን ይዞ ይወጣል፤ የሰጣችሁትን ይውጣል።

እንዲህ አምኖ ለሚመጣ ሰው ጥንቃቄ ዕዳችን ነው። ዛሬውኑ እንክፈለው!

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ከመድኃኒት የሚመጣ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ በመድኃኒት ስህተት ሳቢያ ዓለም በየዓመቱ 42 ቢሊዮን ዶላር እንደምታጣ ገምቶ ነበር። ኮምፒውተሩና ባለሙያው የሞላላቸው አገሮች ከተሳሳቱ፣ ወረፋው ኮሪደሩን አልፎ ግቢ ድረስ በተሰለፈበት፣ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ በሚጻፍበት ክፍል ስህተት አይኖርም ማለት ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ነገሩን ለአንድ ጎበዝ ነርስ አንተወው። የሁላችን ልማድ እናድርገው።

ከክብደት እንጀምር። ማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ክብደት» የምትለው ቦታ ስንት ጊዜ ባዶዋን ታልፋለች? በጎጀብ ቆላ ወባ በበረታበት ሰሞን የሦስት ዓመት ልጅ ታቅፋ የመጣችን እናት አስቡ። ልጁ 14 ኪሎ ከሆነ ኮአርተም በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ ነው፤ 16 ኪሎ ከሆነ 2 ፍሬ። ይህን በዓይን ገምቶ የሚለይ ሰው የለም። ግማሽ ዶዝ የወሰደ ልጅ ትኩሳቱ ለጊዜው ይበርድለትና ወባው ይነሣበታል፤ እናቱም ያንኑ መንገድ በጭቃ ትመለስበታለች፣ ልጁ ከደረሰ።

መዝኑት! ጫማውን አውልቁለት፣ ጋቢውን አንሡለት፣ መዝኑት፣ ቁጥሩንም ጻፉት። ለእናቱ መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን የበለጠ እንደሚሠራ ንገሯት። ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢጫወትም እንዳታቋርጥ ደግማችሁ ንገሯት።

ከዚያ ጠይቁ። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደህ ሰውነትህን አሳክኮህ፣ ፊትህ አብጦ ያውቃል? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ኩላሊትህን ታመህ ታውቃለህ? ሴት ከሆነች ደግሞ ሰው በሌለበት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እርጉዝ ትሆን እንደሆነ ጠይቋት፤ ለእርጉዝ የማይሰጠው ዶክሲሳይክሊን ሳይጠየቅ የሚታዘዘው እንዲህ ባለ ችኮላ ነው። ከቤት ምን እንደጠጣም ጠይቁ። ኮሶም ይሁን ሌላ ቅጠል፣ ሳትቆጡ ጠይቁ። የተቆጣነው ሰው ይደብቀናል፤ የደበቀንን ሰው ደግሞ ማከም አንችልም።

ስትጽፉ ሰው እንዲያነበው ጻፉ! «5.0» ብላችሁ ከጻፋችሁ ነጥቧ ትደበዝዝና 50 ትሆናለች፤ 5 ብቻ በሉ። «.5» ካላችሁ ነጥቧ ትጠፋና 5 ትሆናለች፤ 0.5 በሉ። ማይክሮግራምን በሙሉ ጻፉት፤ ከሚሊግራም ጋር ከተምታታ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። የመድኃኒቱንም ስም አታሳጥሩ። የፋርማሲ ባለሙያው ማዘዣውን ይዞ ከመጣና «ይህ ምንድን ነው?» ካለ አትቆጡት፤ አመስግኑት። እናንተም የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ያላነበባችሁትን ገምታችሁ አትስጡ። መልሱት!

በካፊኖኖም ተናገሩ። ብዙ እናቶች አማርኛ ሲነገራቸው «እሺ» ይላሉ፤ እሺታቸው ከትሕትና ነው። ስለዚህ «ገባሽ?» ብላችሁ አትሸኟት። «እስኪ ቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ» በሏት። ካልቻለች ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እንደገና አስረዷት።

ቡና ደግሞ አለ። በቡና አገር ላይ ቆመን ይህን አለመናገር ያሳፍራል፦ የአይረን ክኒን ከቡና ጋር ከተወሰደ ሰውነት የሚያገኘው ብረት በጣም ይቀንሳል። እርጉዟ ክኒኑን ውጣ ወዲያው አቦል ብትጠጣ ልፋቷ ከንቱ ይሆናል። ቡና ተዪ አትበሏት፤ በካፋ ማንም አይሰማችሁም። ክኒኑን ከቡናው ሰዓት አርቂው በሏት።

አንቲባዮቲክን ያለ ምክንያት አትጻፉ። ለጉንፋን አይሠራም። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ ገድለዋል። ታካሚው «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» ብሎ ሲጫናችሁ መልስ ስጡት፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሴፍትሪያክሶን የማስታገሻ ስጦታ አይደለም።

የቦንጋ፣ የዋቻ፣ የውሽውሽ ሰዎች ሆይ፣ እናንተም አላችሁበት። አሞክሳሲሊን በፍሬ ገዝታችሁ አትዋጡ። ለጎረቤት የታዘዘውን አትካፈሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ካርቶኑንም ባዶ ብልቃጡንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ካልነገሯችሁ ጠይቁ፦ ይህ ለምንድን ነው? ስንት ቀን ነው? ምን ካየሁ ልመለስ? መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

ጉዳት ሲደርስ አትደብቁ። ሽፍታ ቢወጣ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ታካሚው ራሱን ቢስት፣ በመጀመሪያ ሕይወቱን አድኑ፤ ከዚያ ቢጫውን የሪፖርት ቅጽ ሙሉ። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሉ። ቅጹ ማንንም ለመክሰስ አልተዘጋጀም። አንድ ሽፍታ ከዴቻ፣ አንድ ከጎንደር፣ አንድ ከሐረር ሪፖርት ሲደረግ ነው መጥፎ መድኃኒት የሚታወቀው።

ኃላፊዎች ሆይ፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም የዞን ጤና መምሪያም፣ ሥራውን በባለሙያው ጫንቃ ላይ ብቻ አትጣሉት። የተበላሸውን ሚዛን አሠሩ። የሕክምና መመሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥ፤ ማዘዣ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ይሁን። በወር አንድ ቀን ነርሱ፣ ጤና መኮንኑና የፋርማሲ ባለሙያው አብረው ተቀምጠው 30 ማዘዣ ያንብቡ፤ የጻፈው ሰው ስም ይሸፈን፣ ስህተቱ ይነገር። የገብረ ጻድቅ ሻዎ መታሰቢያ ሆስፒታል ባለሙያዎች የጤና ጣቢያ ጓዶቻችሁ ሲደውሉ ስልክ አንሡ። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች፣ ከመምህራችሁ ጋር መጥታችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ ነገ ፈራሚዎቹ እናንተ ናችሁ።

በጀት እስኪመጣ አትጠብቁ። አብዛኛው ይህ ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ሕፃን ሲገባ ጀምሩ፤ በሥራ ባልደረባችሁ ማዘዣ ላይ የክብደት ቦታው ባዶ ሆኖ ካያችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ መልሱለት።