ሃርድቶፑ ከፍ ካለ በኋላ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ላንድክሩዘሩን በራችን አቁሞ ጡሩምባ ሲያሰማ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። መኪናው አድጓል። ድሮ አንድ እግሬን አንስቼ የምገባበት በር አሁን ጉልበቴን በእጄ ካልደገፍኩት የማልደርስበት ሆኗል። «አክስቴ፣ የፊቱን ሞላና የኋላውን ባሌስትራ አስቀይሬ 5 ሳንቲሜትር አስነሣሁት፤ ጎማውንም በትልቅ ቀየርኩት» አለኝ፤ ልጅ ወልዶ የሚያሳይ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀጥሎ የሚገዛቸውን የጻፈበትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፦ ፖርቶመጋላ፣ አራት ደማቅ መብራት፣ ዊንች።

ውድ አንባቢያን፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የክትባት ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሐዋሳ ወደ ሲዳማ ደጋ ስመላለስ የኖርኩት በዚሁ በሃርድቶፕ የኋላ መቀመጫ ነው። ክረምት ላይ የደጋው ጭቃ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና መኪናውን ማስነሣቱን አልነቀፍኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ «ማንን ልትጭንበት ነው?» መልሱን እኔም አውቀዋለሁ። ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለመውለድ ከሀገረ ሰላም ወደ ሐዋሳ የሚያመጣት በዚህ መኪና ነው። እናቷም አብራ ትመጣለች፤ የሁለቱም ጉልበቶቿ ነገር እንደኔው ነው።

ሰኞ ጠዋት ይዤው እዚሁ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለ የማውቀው ጋራዥ ሄድን። ሽማግሌው መካኒክ መኪናው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ፣ «ሲስተር፣ ይሄ መኪና ተነሥቷል እንጂ አላለቀም» አለኝ። ያስረዳንን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

ሞላና ባሌስትራ ሲቀየር ከፍ የሚለው አካሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ጎማዎቹ መካከል ስላለ ባለበት ይቀራል። እሱን ከድንጋይ የሚያርቀው የጎማው ማደግ ብቻ ነው፤ ያውም በግማሹ። የፋብሪካው ጎማ ቁመት 80 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር፣ አዲሱ 84 ነው፤ ዲፈረንሻሉ ያተረፈው 2 ሳንቲሜትር ነው ማለት ነው። የወንድሜ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ወደቀ። ጎማው ሲያድግ የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል፤ 80 ሲል መኪናው በ84 እየሄደ ነው። ትልቅ ጎማን ለማቆም ደግሞ ፍሬኑ ከበፊቱ የበለጠ መልፋት አለበት።

እኔን ያስደነገጠኝ የፍሬኑ ነገር ነው። ወደ ጎማው የሚወርደው ተጣጣፊ የፍሬን ቱቦ የተለካው ለድሮው ከፍታ ነው። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ቱቦው ይወጠራል፣ ውሎ አድሮም ይበጠሳል። ከኋላ ደግሞ ብዙ ሃርድቶፖች ላይ የጭነቱን መጠን እያየ ለኋላ ጎማ የሚደርሰውን የፍሬን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው አካሉ ወደ ጎማው ምን ያህል እንደቀረበ በማየት ነው። አካሉ ከፍ ሲል መኪናው ባዶ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ሰባት ሰው ተሳፍሮ እንኳ። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። ያን ቁልቁለት በማርሽ መያዝ ለሚያውቅ ሾፌር እንኳ ጤነኛ ፍሬን ያስፈልገዋል። ረዘም ያለ ቱቦና የቫልቩ ማስተካከያ ከዊንቹ ጋር ሲነጻጸር ዋጋቸው ትንሽ ነው።

መሪውም አለ። ፊቱ ሲነሣ የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ይዛባና መሪው በራሱ ቀና ማለቱን ይተዋል፤ አስፋልት ላይ መኪናው ወዲያና ወዲህ ይላል። የትራስሚሲዮኑም ማዕዘን ስለሚቀየር ክሮቸራው ቶሎ ይበላል። እነዚህን መካኒኩ ያውቃቸዋል፤ እኛ ማድረግ ያለብን ሳይሠሩ መኪናውን አለመረከብ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ከፍ ያለ መኪና ለመገልበጥ ይቀርባል። ፖርቶመጋላ ላይ ጄሪካንና ጆንያ ሲጫንበት ደግሞ ይብሳል። በሥራ ዘመኔ ከተገለበጠ መኪና የመጡ ብዙ ሰዎች ተቀብያለሁ። ቀበቶ ያሰረው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን እየነገረኝ ነበር የሚመጣው። ያላሰረው ከመኪናው ተወርውሮ ይወድቃል፤ መኪናው ራሱ የሚያርፍበትም አለ። የሃርድቶፕ የኋላ አግዳሚዎች ደግሞ ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የወንድሜ ልጅ መኪና ላይ አንድም ቀበቶ የላቸውም። ስለዚህ ከወረቀቱ አናት ላይ «ወደ ፊት የሚያይ መቀመጫ ከነቀበቶው» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩበት። መካኒኩ አንድ ነገር ጨመረ፦ ቀበቶው በስስ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ከተቦለነ ሲጎተት ነቅሎት ይሄዳል፤ ከሥሩ ወፍራም ብረት መደገፍ አለበት።

ነፍሰ ጡሯ የምትቀመጠው ፊት ነው። የታችኛው ቀበቶ ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል አልፎ በሆዷ ጎን ይውረድ። ሆዷ ላይ ቀበቶ ማሳለፍ ልክ አይደለም፤ «ሕፃኑን ይጫነዋል» ብሎ ጨርሶ አለማሰርም እንዲሁ። ቅቤውና ቆጮውም ከኋላ ይታሰር፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ማሰሮ ማንንም አይመርጥም።

መርገጫውን አማቱ ገና ሳይጠይቁ ያሠራው። ከመኪና ሲወርዱ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ እናቶችን አውቃለሁ፤ በዚያ ዕድሜ ከአልጋ መነሣት ቀላል አይደለም። መርገጫው ሰፊና የማያንሸራትት ይሁን፤ በሩ ላይ የሚያዝ እጀታም ይኑር።

መብራቱን በተመለከተ፣ አራት ከመጨመሩ በፊት ያሉትን ሁለቱን ዝቅ ያስደርግ። መኪናው ሲነሣ መብራቱም አብሮ ተነሥቶ የባጃጅ ሾፌሮቻችንን ዓይን ይወጋል። ኮፈኑም ከፍ ስላለ ከፊቱ የቆመ ሕፃን ከበፊቱ ይልቅ ይሰወራል። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ ሞተር ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ይዙር። ለኢንሹራንሱም ለውጡን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ዓመታዊ ምርመራው ሲደርስ ከመከራከር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

የፍሬን ቱቦው ማክሰኞ ተቀየረ፣ ቫልቩም ተስተካከለ። መቀመጫውና ቀበቶው ሐሙስ ይገጠማሉ፤ መርገጫውን ብየዳ ቤት ሰጥቶታል። ዊንቹን ለከርሞ አሻግሮታል። ፖርቶመጋላውን ግን እስካሁን ከወረቀቱ አልሰረዘም፤ ቅዳሜ ቡና ላይ እንነጋገርበታለን።