ጥሪ ለእብናት ተወላጆች፦ ከቡሄ በፊት

በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በዐረብ አገርና በአዲስ አበባ የምትኖሩ የእብናትና የአካባቢዋ ተወላጆች፤ በተለይ በየአጥቢያችሁ ጽዋ የምትጠጡ፣ ሰንበቴ የምታዘጋጁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። አዲስ ድርጅት መሥርቱ አልላችሁም። ማኅበር አላችሁ፣ በየወሩ ትገናኛላችሁ፣ ሙዳዩም ባዶ አይደለም። ያ ማኅበር ከመጪው መስከረም ጀምሮ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱ የእብናት አካል ጉዳተኛ ልጆችን፣ ከእነሱም መስማት የተሳናቸውን አስቀድሞ፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንዲይዝ ነው የምጠይቀው።

መስማት የተሳናቸውን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ የአብነት ትምህርት አገር ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ደግሞ በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነሣው የተክሌ አቋቋም ጋር ትጠራለች። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዐይነ ስውር ልጅ ቦታ ነበረው። ዞኑ እስከ ዛሬ በትራኮማ፣ በእኛ አጠራር በዐይን ማዝ፣ ክፉኛ ከተጎዱት የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ ፈንጣጣ የነበረበት ዘመን ይታሰብ። ዐይኑን ያጣው ልጅ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ፣ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ዜማውን በጆሮው ይቀበላል፣ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ በቃል ትምህርት ከዐይናማ ጓደኛው አያንስም። መሪጌታ ሆኖ ወንበር የዘረጋ ዐይነ ስውር ያላየ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ ግን ይህ ሁሉ አልደረሰውም። እረኛ ይሆናል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ውኃ ይቀዳል። ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር ቤት ውስጥ በፈጠሩት ጥቂት ምልክት ይግባባል፤ ምልክቱ ከጎረቤት አጥር አያልፍም። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የከፋ ነው፦ በደል ቢደርስባት ለፖሊስም ለዳኛም የምታስረዳበት ቋንቋ የላትም። ሰው ‹‹ደንቆሮ›› ይላታል፤ ሞኝ ማለቱ ነው። ሞኝ ስለሆነች ሳይሆን ቋንቋ የሚሰጣት ስለጠፋ ነው እንዲህ የቀረችው።

ቋንቋው ሳይኖር ቀርቶ ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለ፤ ፊደላችን በጣት የሚጻፍበት ሥርዓት ተበጅቶለታል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። አዲስ አበባና ሆሳዕና ላይ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ያቋቋመቻቸው ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ፤ ሲደግፏቸው የኖሩት በውጭ አገር ያሉ ምእመናን ናቸው። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዐይኗ ጠፋ፤ የተማረችው ግን ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ሕግ አጥንታ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሠራ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ርቀቱ ነው። አንዲት የ5 ወይም የ6 ዓመት ሕፃን ፊደል ለመቁጠር ከአማራ ሳይንት እስከ ሻሸመኔ! የእብናቱም ልጅ ዕድሉ እንዲህ በሩቅ መንገድና በአጋጣሚ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ከባሕር ማዶ ደግሞ የአንድሩ ፎስተርን ሥራ አስቡ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ11 ዓመቱ በማጅራት ገትር ታሞ መስማት ተሳነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጋና ገብቶ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በኋላ በአፍሪካ ከ30 በላይ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አቋቁሟል። ገንዘቡን ያገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ፣ በተራ ምእመናን ፊት እየቆመ በመለመን ነበር። የእናንተ ማኅበር ከእነዚያ አጥቢያዎች በምን ያንሳል?

ሕግ ጎድሎ ነው እንዳንል ወረቀቱ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ‹‹ከውጭ ገንዘብ መላክ ያስቸግራል›› የሚለው ምክንያትም አርጅቷል። በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያደረገው የ2001 ዓ.ም. ሕግ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተሽሯል።

የጎደለው ምን እንደሆነ የገጠር ተማሪን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ስንቅ ነው። ከቀበሌው ወደ እብናት ከተማ የሚመጣ ተማሪ ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ በእግሩ ወደ ቤቱ ይወርዳል፤ እሑድ እንጀራውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ነው የተማራችሁት። አሁን በክራንች የሚሄድ ልጅ ያንን ገደል ሲወጣና ሲወርድ አስቡት። የ8 ዓመት መስማት የተሳናት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ስትኖርም አስቡ። ወላጅ ልጁን ‹‹ደበቀ›› እያልን የምንወቅሰው ብዙ ጊዜ ይህን አይቶ ሳይልክ የቀረውን ገበሬ ነው። በሴፍቲኔት የሚኖር ቤተሰብ ሁለት ቤት የሚያኖርበት አቅም ከየት ያመጣል?

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሕንፃ አይደለም። ሕንፃ ደስ ይላል፤ ሪባን ይቆረጥበታል፤ ስም ይጻፍበታል። እኔ የምለምናችሁ የቤት ኪራይ፣ ቀለብና ልጆቹን የምትይዝ አንዲት እናት ደመወዝ ነው። ስድስት ሰባት መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ ግቢ ቢኖሩ ምልክት ቋንቋውን ከመምህሩ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይማሩታል፤ ቋንቋ የሚለመደው አብሮ በመኖር ነውና። አካቶ ትምህርት የሚባለውን መርሕ አልቃወምም። ግን ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድም ሰው በሌለበት፣ በታጨቀ ክፍል መካከል አንድ ልጅ አስቀምጦ ‹‹ተካቷል›› ማለት ማሾፍ ይመስለኛል።

ቀጥሎ መምህሩ ነው። ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሦስት መምህራን በክረምት ምልክት ቋንቋና ብሬል እንዲሠለጥኑ የትራንስፖርትና የውሎ አበል ሸፍኑላቸው። ከተቻለ መስማት የተሳነው አንድ ጎልማሳ ረዳት ሆኖ ይቀጠር፤ ልጆቹ እነሱን የሚመስል ትልቅ ሰው ደመወዝ ሲቀበል ይዩ። የእንቅስቃሴ ጉዳት ላለባቸው ልጆች ደግሞ ጎንደር ቅርብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በአካል ተሀድሶ ሥራ ይታወቃል። ለልጁና ለአስታማሚው የመሳፈሪያና የማደሪያ ብር ካገኙ ሰው ሠራሽ እግሩም ክራንቹም በልጁ ልክ ተለክቶ ይሠራል።

አደራ፣ በኮንቴይነር ያገለገለ ዊልቸር አትላኩ። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ዊልቸር የእብናትን ድንጋይ አይችልም፤ ጎማው ሲፈነዳ መለዋወጫ ስለማይገኝ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ይሰፍርበታል። ለዐይነ ስውራኑ የብሬል መጻፊያ ስሌትና ስታይለስ፣ የብሬል ወረቀት፣ ነጭ በትር ላኩ፤ ቀላል ነው፣ በሻንጣ ይገባል። በኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ቲሸርት አሳትሞ መሰለፍም ይቅርብን።

ልጆቹን ማን ያውቃቸዋል? የንስሐ አባት ያውቃቸዋል። ጸበል ሊረጭ፣ ሊባርክ እየገባ ጓዳ ያለውን ልጅ ያየው እሱ ነው። በየደብሩ ያላችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆናችሁ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱትን ልጆች መዝግቡልን፤ ለወላጆቻቸውም ‹‹የኃጢአት ዋጋ አይደለም›› ብላችሁ ከመቅደሱ ደጃፍ ተናገሩ። ከእናንተ አፍ ሲወጣ የሚሰማው ይበዛል። የሙስሊም ልጅም እኩል ይመዝገብ፤ ሼኾቹም በዝርዝሩ ሥራ ይግቡበት። ገንዘቡ ከጽዋ ማኅበር ስለመጣ ልጁ ሃይማኖቱን የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ስም አትላኩ፤ ያ ሰው የእናታችሁ ልጅ ቢሆንም። የወላጆች ተወካይ፣ የትምህርት ቤቱ ተወካይና ከአጥቢያው የተመረጠ አንድ ሰው ሦስቱም ካልፈረሙ የማይንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይወቀው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድም ባንክም ድንገት ይዘጋል። ስለዚህ የሦስት ወሩን ቀድማችሁ ላኩ። በየመንፈቁ የሒሳብ ሪፖርት ጠይቁ፤ ካልመጣ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የልጆቹን ፎቶ ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እብናት ትልቅ የተረጂዎች ካምፕ ነበረባት፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሕዝቡ በግድ ተበትኖ ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። በዚያ ክፉ ዘመን የእብናትን ስም ሰምተው የማያውቁ ምእመናን በየአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ያዋጡት ገንዘብ ለኢትዮጵያ እህል ሆኗል። እናንተ ስሟን ብቻ ሳይሆን ጎጧን፣ ወንዟን፣ የደብሯን ታቦት ታውቃላችሁ።

የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ከመድረሱ በፊት ውሳኔው ይለቅ። ቀነ ገደቡ ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ ይሁን። በሚቀጥለው የጽዋ ቀን፣ ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታው ከመድራቱ በፊት፣ ጸሐፊያችሁ ቃለ ጉባኤ ይክፈትና ይህን ያስፍር፦ የስንት ልጅ ኪራይና ቀለብ እንደምትችሉ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከእናንተ መካከል ተጠሪው ማን እንደሆነ። ደብዳቤው ለእብናት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ ግልባጩ ለወረዳው ቤተ ክህነት ይድረስ።