ሳንጠይቅ አንመርቅ

ወንድሞቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ፓርቲዎች ደጃችንን ይጠናሉ። «አባቶች፣ መርቁልን» ብለው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያስቀምጡናል። እጩው ጋቢውን አጣፍቶ ጎንበስ ሲል እኛም እጃችንን ዘርግተን «ያቅናህ» እንላለን። በማግስቱ ፎቶው ይለጠፋል። ሰውየው ትናንት ያዘዘው ጦር የት ውሎ ምን አድርጎ እንደመጣ የጠየቀ ግን የለም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ይከልከል አልልም። የበላይ ዘለቀ አገር ሰዎች ነን፤ ወራሪን የተዋጋ እንዴት እንደሚከበር ማንም አያስተምረንም። ከጠላት ጋር ተታኩሶ የገደለና የፊጥኝ የታሰረ ልጅ ያስገደለ ግን እኩል «የጦር ሰው» ተብለው አብረው አይመረቁም።

ይህን ለደብረ ማርቆስ ሰው ማስረዳት ነበረብኝ? በነሐሴ 1970 እዚሁ ከተማችን ታስረው የነበሩ 75 ወጣቶች ተገደሉ። ትእዛዙ የደርግ የጎጃም ተጠሪ የነበረው የእሸቱ ዓለሙ ነው ሲል የሄግ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በሰኔ 2014 ይግባኙም አላዋጣውም። አገር ቤት በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ነበር፤ ፊቱ አቁሞ የጠየቀው ግን የሆላንድ ዳኛ ነው። ያውም ከ39 ዓመት በኋላ።

በመካከሉ ደርግ መለዮውን አውልቆ ኢሠፓ የተባለ ፓርቲ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ለብሔራዊ ሸንጎ ምረጡ ተብለን ተሰለፍን። 835 መቀመጫ ነበር፤ በፓርቲው ወንፊት ያላለፈ እጩ ግን አልነበረም። ሸንጎው ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምን ፕሬዚዳንት፣ ሻምበል ፍቅረሥላሴ ወግደረስን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገ። የእስር ቤቱ ጉዳይ ሳይነሳ ሁሉም «የሕዝብ ተመራጭ» ተባለ። ያኔ እምቢ ማለት ራስን ያስበላ ነበር። ዛሬም ቀላል ነው አልልም፤ ቢያንስ ግን ምርቃት በግድ አይወጣም።

«የእኛ ልጅ ነው» የሚሉም አሉ። ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በየካቲት 2010 ተፈቱ፤ በኅዳር 2011 የአማራ ክልል የሰላምና ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ የክልሉን ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንን፣ እንዲሁም እዘዝ ዋሴንና ምግባሩ ከበደን ለሞት ያበቃው፣ በእሳቸው መሪነት ተፈጸመ የተባለው ጥቃት የደረሰበትን ቀን አትረሱትም። በጄኔራሉ ላይ ልባችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ያን ክርክር አልከፍትም። ጥያቄዬ ለሾማቸው ፓርቲ ነው፤ ጀግናው መጣ ከመባሉ ሌላ በሕዝብ ፊት ምን ተጠየቀ?

ላይቤሪያም ይኸው ነው። ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ዶ በታጣቂው መሪ በፕሪንስ ጆንሰን ሰዎች ሲሰቃይ ካሜራ እየቀረጸ ነበር። ያው ፕሪንስ ጆንሰን በፈረንጆች 2005 የኒምባ ግዛት ሴናተር ተመርጦ በ2024 እስኪሞት ወንበሩ ላይ ቆየ፤ ፓርቲዎችም የኒምባን ድምፅ ፍለጋ ተራ በተራ ደጁን ጠኑ።

የመንግሥትም ይሁን የታጣቂ ወገን፣ ነገ ልብስ ቀይሮ የሚመጣ አይጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በይቅርታም አይታለፍም ይላል። ምክር ቤት ያልተፈቀደለትን እኛ በአንድ «አሜን» ልናደርገው ነው?

እንግዲህ ፓርቲ ሲመጣ፣ ቡናው ሳይቀርብ እንጠይቅ። የት ግንባር ነበርክ? እስረኛ በእጅህ ገብቶ ነበር? የት ደረሰ? ልጇን የቀበረች እናት ካለች ከእኛ ጋር ትቀመጥና በጆሮዋ ትስማ። «እሱ ከምርጫው በኋላ ይጣራል» ካሉ ተነስተን ወደየቤታችን እንሂድ። እኔ በበኩሌ ይህ ካልተፈቀደ ከአዳራሹ እንዳይጠብቁኝ ከወዲሁ ልኬባቸዋለሁ።