ዋንጫውን የደፋው ማን ነው?

የኢንካዎችን የእንጨት ዋንጫ «የእጅ ሥራ» ብለው በአንድ መስመር ለሚያልፉት ሰዎች መልስ መስጠት ግድ ሆኖብናል። በቅርቡ በአንድ ውይይት ላይ «ጽሕፈት ያልነበረው ሕዝብ የጠጣበትን እንጨት ስናጠና ልንውል ነው?» ተባልን። ከንግግሩ የባሰው ሳቁ!

እስቲ እንነጋገር። ዋንጫው ኬሮ ይባላል፤ ወደ አፉ ሰፋ ያለ ነው፤ የሚሠራውም ጥንድ ሆኖ ነው። ብቻውን የሚጠጣ የለማ! ጋባዡ አንዱን ለእንግዳው ይሰጣል፣ በሌላው ራሱ ይጠጣል። መጠጡ ከበቀለ በቆሎ የተጠመቀ ቺቻ ነው፤ ብቅል ለምናውቅ ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የተቀበለ ውለታ ገባ ማለት ነው። እኛም አንዋሽ፦ ኢንካዎቹ ያስገበሩትን ባላባት ዋንጫ እየሰጡ ነው ያሰሩት። የዋሆች አልነበሩም።

የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ «አታሁዋልፓ በ1532 እ.ኤ.አ. ካሃማርካ ላይ መጽሐፉን ወረወረ» ይለናል። የወንድሙ ልጅ ቲቱ ኩሲ በ1570 ባስጻፈው ቃል ግን ከዚያ የቀደመ ነገር አለ፤ አታሁዋልፓ ለእስፓኞቹ በወርቅ ዋንጫ ቺቻ ቢሰጣቸው መሬት ላይ ደፉት። መጽሐፍ የወረወረው አረመኔ ተባለ። ዋንጫ የደፋውስ ምን ተባለ? ምንም!

የወርቁና የብሩ ዋንጫ አብዛኛው ቀልጦ ሄደ። እንጨት አይቀልጥ፣ ተረፈ። እዚህ ላይ ነው ሳቂዎቹ ጆሯቸውን የሚሰጡን፦ በኢንካ ዘመን እንጨቱ ላይ ይቀረጽ የነበረው በአመዛኙ የመስመር ቅርጽ ነው። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ቀስተ ደመናውና አበባው በቀለም የደመቁት ከወረራው በኋላ ነው። ሠዓሊው እንጨቱን ይፍቃል፤ ከወደ ደቡብ ኮሎምቢያ የሚመጣውን ሞፓ ሞፓ የሚባል የዛፍ ሙጫ ከቀለም ጋር አዋሕዶ በተፋቀው ቦታ ይለብጣል። እንደራሴው ቶሌዶ በ1570ዎቹ በመጠጫ ዕቃ ላይ እንስሳና አዕዋፍ እንዳይሣል አዘዘ፤ ይመለክባቸዋል ብሎ። ሥዕሉ ቆመ? አልቆመም። ዙፋኑን የተነጠቀ ሕዝብ ንጉሡን በሚጠጣበት ዕቃ ላይ አስቀመጠው፤ ግብዣ በተደረገ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ አዞረው። ይሄ ነው እንግዲህ «የእጅ ሥራ»!

ዛሬ ብዙው ኬሮ ባሕር ማዶ በየሙዚየሙ መስተዋት ውስጥ ባዶውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ብቻውን ቆሟል። ያ የሳቀብን ጓዳችን አንድ ቀን ከፊቱ ቢቆም፣ «ያምራል» ብሎ ከማለፉ በፊት ሁለተኛው የት እንደ ሄደ ይጠይቅልን።