«እኛ እኮ አንጠጣም፣ እንቀምሳለን»



ባለፈው ሰሞን አምቦ ውስጥ አንድ ወንድም ቤቱ ጠራኝና ሄድኩ። የጸሎት ጥሪ መስሎኝ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ እሑድ እሑድ ከጎኔ ቆመው የሚያመልኩ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አራት ጠርሙስ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት አራት አራት ትንንሽ ብርጭቆ፣ አንድ አንድ ደብተር፣ መሐል ላይ ደግሞ የራሳችን አምቦ ውሃ። ጠርሙሶቹ የጃፓን ውስኪ ናቸው፤ ከዱባይ በሚመላለስ ዘመድ እጅ አንድ በአንድ የተሰበሰቡ። ሰዎቹ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው መልኩን ያያሉ። አፍንጫቸውን ደፍተው ያሸታሉ። ትንሽ ይጎነጩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ማር ማር ይላል»፣ «የለም፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ነው»፣ «ጭሱ ይሰማሃል?» ይባባላሉ፤ ከዚያ ደብተራቸው ላይ ነጥብ ይሰጣሉ። የቤቱ ጌታ ፊቴን አየና ሳቅ ብሎ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኛ እኮ አንጠጣም፣ እንቀምሳለን» አለኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ማንነታቸውንም አልጠቅስም። ዓረፍተ ነገሯ ግን በዚያ ሳሎን ብቻ አልቀረችም። ከዚያ ወዲህ ጊንጪም ሆለታም ከአማኞች አፍ ሰምቻታለሁ።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም። አንድ ጠብታ አልኮል ሰውን ከመንግሥተ ሰማያት ያስወጣል ብሎ የሚሰብክ ሰው ከተጻፈው አልፎ ይሰብካል። ጌታችን በቃና ሰርግ ያደረገውን እናውቃለን፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ምን እንደመከረው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ተጽፏል። የኤፌሶን መልእክት የሚከለክለው ስካርን ነው። ስለዚህ «ጥቅስ አምጣ» ብላችሁ ለምትጠብቁኝ፣ መቅመስን በስሙ ጠርቶ የሚኮንን ጥቅስ የለኝም። ያለኝ ሌላ ነገር ነው።

ምሳሌ 23ን ክፈቱ። ጠቢቡ ዋይታው፣ ጠቡ፣ የዓይን ቅላቱ የማን እንደሆነ ይጠይቅና መልሱን ራሱ ይሰጣል። በመልሱ ውስጥ ያለው ሰው መንገድ ላይ የወደቀ ሰካራም አይደለም። ወይን ጠጁ ላይ ሲዘገይ የሚያመሽ፣ የተደባለቀውን እየፈለገ የሚዞር ሰው ነው። ፈላጊ ነው፤ አዋቂ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ገና ሳይቀመስ፣ በጽዋ ውስጥ ሲያብረቀርቅ ማየቱን ራሱን አትመልከት ይላል። በዚያ ሳሎን የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር? ብርጭቆውን ወደ መብራት ማንሣት!

የሚያሰክረው ብዛቱ ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ፣ ትንሽ የቀመሰ ሰው ነጻ ይመስለናል። ሆድ የማይሰክርበት፣ ልብ ግን የሚማረክበት መንገድ አለ። ሰዎቹ የጃፓንን ውስኪ ታሪክ ሲነግሩኝ አንድ ቀን አልሳቱም። ታኬትሱሩ የሚባል ወጣት በ1918 (እ.ኤ.አ.) ጥበቡን ሊማር ስኮትላንድ ሄደ። ቶሪይ የሚባል ነጋዴ በ1923 ኪዮቶ አጠገብ ያማዛኪ ላይ ማምረቻውን ሲያቆም ታኬትሱሩን ቀጠረው፤ ታኬትሱሩ ደግሞ ከእርሱ ተለይቶ በ1934 በሰሜኗ ደሴት ሆካይዶ፣ ዮይቺ ላይ የራሱን መሠረተ። ሁሉም እውነት ነው፤ ደስ የሚልም ታሪክ ነው። እኔም በተራዬ «ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳሎኑ ዝም አለ። 1899 ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ.። በባርነት ተሸጦ የነበረ የእኛው ሰው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ያወረሰን መጽሐፍ እኮ ጭኔ ላይ ነበር። ልባችን ያለበት፣ ቀኑን ሳንሳሳት በምንናገረው ነገር አጠገብ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ብዕር ያስያዘኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ናቸው።

ከከተሞቻችን በአንዱ፣ ሁላችንም አዴ እያልን የምንጠራቸው አንዲት መበለት አሉ። ባለቤታቸው ሲሞት አራት ልጅ ቀረባቸው። የሚያውቁት ሙያ አረቄ ማውጣት ነበር። ሥራው ምን እንደሚመስል ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፦ ብቅሉና ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ሲደርስ እሳት ላይ ይጣዳል፤ የማሰሮው አፍ እንፋሎት እንዳያስወጣ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ሴትየዋ ሌሊቱን ሙሉ የባሕር ዛፍ እንጨት እየቆሰቆሱ፣ ጭስ እየጠጡ ያድራሉ። እርሳቸው አረቄውን አይቀምሱም። ጠዋት በሊትር ሸጠው እንጀራና ደብተር ይገዛሉ።

ጉዳዩ ወደ አጥቢያቸው ሽማግሌዎች ደረሰ። በዲሲፕሊን ተቀጡ፤ ከጌታ እራትም ታገዱ። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ዕንባቆም ምዕራፍ 2 ላይ ባልንጀራውን የሚያጠጣውን ሰው በወዮታ ይጠራዋል፤ እኔም በዚህ አልከራከርም። ቅጣቱ ተነግሯቸው ሲወጡ ግን «ታዲያ ምን ሠርተው ይብሉ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንድም ሰው። ሁለት ዓመት አለፈው፤ አሁንም እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጽዋው ሲዞር አንገታቸውን ይደፋሉ።

እንግዲህ ሁለቱን ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በዚያ ሳሎን የተቀመሰው ምንድን ነው? ብቅል ነው። ገብስ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠንስሶ፣ በእሳት ተኖ፣ በውሃ ቀዝቅዞ የወረደ። የጄልዱና የደንዲ ደጋ ገበሬ የሚያመርተውን ገብስ የአዴ ማሰሮ ያውቀዋል፤ የያማዛኪ የመዳብ ጋንም ያው ገብስ ነው የሚያውቀው። ልዩነቱ በርሜሉ ነው፤ አንዱ ሚዙናራ ከሚባል የጃፓን የኦክ እንጨት በተሠራ በርሜል ለዓመታት ይተኛል፣ ሌላው በጄሪካን በማግስቱ ገበያ ይወጣል። ሌላው ልዩነት ዋጋው ነው። 12 ዓመት የቆየውን ያማዛኪ የአንድ መምህር የወር ደመወዝ አይገዛውም። በእግዚአብሔር ቤት ግን በርሜልና ዋጋ መቼ ነው ኃጢአትን ወደ ሙያ የሚቀይሩት? ድሃዋ ስታወጣው «አረቄ»፣ ባለጠጋው ሲቀምሰው «ባህል»፣ «ዕውቀት»፣ «ጣዕም መለየት»! ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገው ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ «አንተ በመልካም ስፍራ» የምንለውን አድልዎ የገሠጸው ለእኛ ነው።

ኢሳይያስ 5 ላይ የወዮታዎቹን ቅደም ተከተል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥር 22 መጠጥ በመደባለቅ ኃያላን የሆኑትን ይወቅሳል። ቁጥር 23 ሳያርፍ በዳዩን ስለ ጉቦ የሚያጸድቁትን፣ የጻድቁንም ፍትሕ የሚነፍጉትን ይወቅሳል። ለብዙ ዘመን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለየብቻ አነብባቸው ነበር፤ ያንን ሳሎን ካየሁ በኋላ ግን አንድ ሰው መሆናቸው ገባኝ። ስለ ጣዕም እንዲህ የረቀቀ ምላስ ያለው ሰው ፍርድ ላይ ሲደርስ ዱዳ ነው።

ስለ ረቀቀው ምላስ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «የጃፓን ውስኪ» ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ጃፓን ውስጥ የተጠመቀ አልነበረም፤ ከስኮትላንድና ከካናዳ በጅምላ ገብቶ፣ ተደባልቆ፣ የጃፓን ጽሑፍ ተለጥፎበት የሚወጣም ነበረበት። የአገሪቱ አምራቾች ማኅበር ራሱ አፍሮ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ደንብ አወጣ፦ ውሃው የጃፓን፣ ጥንስሱና ማውጣቱ በጃፓን፣ በእንጨት በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት። ስንቱ ቀማሽ ያንን የውጭ መጠጥ «ይህ የጃፓን ርጋታ ነው» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ አመስግኖት ይሆን? ምላስ የሚቀምሰው ብርጭቆውን ነው ይባላል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመሰው ወረቀቱ ይመስለኛል።

አምቦ ውሃውንም ሳልጠቅሰው አላልፍም። ጃፓኖች ውስኪን በጋዝ ውሃ አቅጥነው የመጠጣት ልማድ አላቸው፤ ወንድሞቻችን ይህን ሰምተው «ከአምቦ የተሻለ ጋዝ የት አለ?» ብለው ያንኑ ሞከሩ። ሳቅ ይመጣል፤ እኔንም ሊያስቀኝ ቃጣኝ። ግን አስቡት። በ1930 (እ.ኤ.አ.) በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው፣ ከሰንቀሌ ምድር እየፈላ የሚወጣው ይህ ውሃ በየሰርጉ የእኛ መታወቂያ ነበር። ድንኳን ውስጥ ቢራው ሲታደል «እሱ ጴንጤ ነው፣ አምቦ ስጡት» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? በፌዝ ይባል እንጂ ምስክርነት ነበር። የጉደርን ስም አገር ያወቀው ከወንዙ ይልቅ በወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው፤ አምቦ ግን በውሃ ታወቀች፤ የቀድሞ ስሟም ሀገረ ሕይወት ነው። ያችን አንድ ጠርሙስ እንኳ ለራሷ አልተውንላትም።

«ነጻነቴን አትንካ» የሚለኝ አለ። ነጻነት እንዳለህ አምናለሁ። ሮሜ 14 ግን ስለ ነጻነትህ ሲናገር ከጎንህ ያለውን ሰው ስም ያነሣል። በአምልኮ ቡድናችን ውስጥ ጌታ ከአረቄ ቤት ወንበር ላይ ያነሣው ወጣት አለ። በቀን ስንት መለኪያ ይጠጣ እንደነበር እናቱ ታውቃለች። ያ ልጅ አንድ ማታ ስልኩን ሲከፍት የመዝሙር መሪው በቴሌግራም የለቀቀውን የአራት ጠርሙስ ፎቶ አየ፤ ከሥሩ «ዛሬ ያሸነፈው ዮይቺ ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። የአገሪቱ ሕግ እንኳ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ፋብሪካው ከፍሎ እንዳያስነግር የተከለከለውን እኛ በነጻ እናስነግርለታለን። ልጁ ያንን ፎቶ አሳይቶኝ የጠየቀኝ ጥያቄ «እኔ ያቆምኩት ርካሽ ስለነበረ ነው እንዴ?» የሚል ነበር። ምን ብዬ ልመልስለት?

አሞጽ በምዕራፍ 6 ከሚወቅሳቸው ሰዎች መካከል በትልቅ ጽዋ የሚጠጡ አሉ፤ የተወቀሱበት ዋና ነገር ግን በዮሴፍ መከራ አለመታመማቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት በዞናችን ስንት ቤት እንደጨለመ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት እንደቀረ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በዚያ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጫለሁ። ስለ በርሜል ተወራ፤ ስለ ጭስ፣ ስለ ማር፣ ስለ ብርቱካን ልጣጭ ተወራ። ስለ ሰው አልተወራም። ከዚያ ቤት በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭስ ውስጥ የተቀመጠች ሴት ነበረች።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ወንድሞቼ ጠርሙሱን እንዲተዉት እፈልጋለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬአቸዋለሁ፤ ሁለቱ ተቆጥተውኛል፣ አንዱ ዝም ብሏል። ሽማግሌዎች ደግሞ በአንድ ሚዛን እንዲፈርዱ እፈልጋለሁ፦ ወይ ሳሎኑም እንደ ጓዳው ይጠየቅ፣ ወይ አዴ ዛሬውኑ ወደ ጌታ ማዕድ ይመለሱ። እኔ ብጠየቅ አዴ መጀመሪያ ይመለሱ እላለሁ፤ ከዚያም የአራቱ ጠርሙስ ዋጋ ወፍጮ ባይገዛ እንኳ፣ የእንጀራ ምጣድና የመጀመሪያውን ኩንታል ጤፍ ይገዛላቸዋል፤ ማሰሮውን ራሳቸው ይሰብሩታል። ይህን ከአፋቸው ሰምቻለሁ፦ «ሌላ ካገኘሁማ ማን ጭስ ይወዳል፣ ልጄ?» ነው ያሉኝ።

ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ለሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት ቀጥረውታል። ቀማሾቹም አምስተኛ ጠርሙስ ደርሶላቸው ለዚያው ቅዳሜ ማታ ተቀጣጥረዋል፤ እኔ ለሁለቱም ተጠርቻለሁ።