ወደ ኋላ መሮጥም ትምህርት ነው

በአገራችን ስለ እግር ኳስ ወሬ ሲነሣ የሚወራው ስለ ጐል አግቢው ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ፥ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደ ጊዜ ጐል ካገቡት መካከል ወንድማማቾቹን ሉቺያኖንና ኢታሎ ቫሳሎን፥ እንዲሁም መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ አይገኝም። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ቀን ከኋላ ቆመው ሲከላከሉ የዋሉትን በስማቸው ጥሩ ብንባል ከዐሥር ሰው ስንታችን እንመልሳለን?

እኔ ባደግሁበት በደብረ ማርቆስም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጆች ድንጋይ አቁመው ጐል ከሠሩ በኋላ ሁለቱ አለቆች ተጫዋች ሲመርጡ፥ ፈጣኑና አብዶ የሚችለው ልጅ አስቀድሞ ይመረጥና ፊት ይሰለፋል። መጨረሻ የቀረው፥ ማንም ያልፈለገው ልጅ ደግሞ «አንተ ኋላ ቁም» ይባላል። ያ የቀረው ልጅ ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ግጥሚያ ገጠምን። ወሩ መስከረም ስለ ነበረ ሜዳው ገና አልደረቀም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀጭን ልጅ ኳሱን እየነዳ መጣብኝ። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ጐላችን ሮጥሁ። ዞር ብዬ ባይ ልጁ በግራዬ አልፎ ሄዷል፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ስሜ ቀርቶ «በር ከፋች» እየተባልሁ ተጠራሁ። የሰደበኝ ብዙ ነበር፤ እግሬን እንዴት ማንሣት፥ ዐይኔን የት ማሳረፍ እንደሚገባኝ ያሳየኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በልምምድ ሰዓታችን የምናደርገው ሜዳውን መዞርና ኳስ ወደ ጐል መምታት ብቻ ነበርና።

ይህን ሁሉ ረስቼው ሳለሁ፥ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ቤተ ሰቦቼ በተመለስሁ ጊዜ፥ አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ በስልክ ላከልኝ። የራሱ ልጅ በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ የኋላ ጠባቂ ሆኖ ሲለማመድ የሚያሳይ ነው። ይህ ጨዋታ ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ፥ በአብዛኛውም በእጅ የሚያዝ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። የአጥቂው ወገን መሪ ኳሱን አርቆ ሲወረውር ጓደኞቹ ሮጠው ይቀልባሉ፤ የኋላ ጠባቂዎቹ ሥራ ቀላቢውን እየተከታተሉ ኳሱን ማስጣል፥ ቢቻልም ራሳቸው መቅለብ ነው። ሥራው ከባድ የሚሆነው ቀላቢው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሲያውቅ ጠባቂው ግን ስለማያውቅ ነው። በዚያም ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ትልቁ ሊግ የወጣው ደንብ፥ ከመነሻው መስመር አራት ሜትር ተኩል ያህል ከታለፈ በኋላ ጠባቂው ቀላቢውን በእጁ እንዳይገፋ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በእጅ ይሠራ የነበረው ሥራ ወደ እግር ተላለፈ።

ልጁ ሲለማመድ ያየሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሮጣል። ጉልበቱን አጠፍ፥ ዳሌውን ዝቅ፥ ደረቱን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፥ በተረከዙ ሳይሆን በእግሩ ፊተኛ ክፍል እየረገጠ ዐሥር ሜትር ያህል ይሄዳል። ቀጥሎ አሠልጣኙ በእጁ ሲያመለክት አንዱን እግር ተክሎ በሰያፍ ወደ ፊት ይወነጨፋል፤ እንደ ገናም ወደ ኋላ፥ እንደ ገናም ወደ ፊት። ሦስተኛው ዳሌን ማዞር ነው፤ ቀላቢው ሊያልፈው ሲል ዐይኑን ከእርሱ ላይ ሳያነሣ ዳሌውን አዙሮ አብሮት ይሮጣል። በመጨረሻ ሁለት ልጆች በሁለት መስመሮች መካከል ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲል ሌላው እጁን ሳይጠቀም እንደ መስተዋት ይከተለዋል። የሚያየውም ወገቡን ነው። ራስና ትከሻ ያታልላሉ፤ ወገብ ግን ሰውየው ወደሚሄድበት ይሄዳል።

ቪዲዮውን ስመለከት አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጥቂት ካዩ በኋላ፥ «አንተ ልጅ፥ ይኼማ ጉግስ ነው እኮ! የጎደለው ፈረሱ ብቻ ነው» አሉኝ።

«እንዴት ሆኖ፥ አባባ?» አልኋቸው።

«አባራሪው ብቻ ነው ጐበዝ የሚመስልህ? ዘንግ መወርወርማ ማንም ይወረውራል። ፈረሱን እያስጋለበ፥ አንገቱን አዙሮ የአባራሪውን እጅ እያየ፥ ዘንጉን በጋሻው የሚመክት፥ ፈረሰኛ ማለት እሱ ነው።»

የሽማግሌው ቃል ብዙ አሳሰበኝ። የጐጃም ደጋ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የፈረሰኛን ሙያ ማየት ይቻላል። በጉግስ ሁለቱ ወገኖች በየተራ ያባርራሉ፥ በየተራም ይባረራሉ። ስለዚህ አባራሪ ብቻ ሆኖ የሚያድግ ፈረሰኛ የለም። ዛሬ የወረወረ ነገ ይመክታል፤ የሚመክተውንም ሰው ማንም «ሰነፍ ስለ ሆነ ኋላ ቀረ» አይለውም። አባቶቻችን በፈረስ ላይ ያወቁትን እኛ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ እንዴት ረሳነው?

ምናልባት «የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ሌላ፥ የእኛ ሌላ» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በእኛ እግር ኳስ አጥቂው ኳሱን በእግሩ ይዞ ስለሚመጣ ተከላካዩ ፊት ለፊት ከሚገተር ይልቅ ጎኑን ሰጥቶ፥ አጥቂውን ወደ ሜዳው ጠርዝ እየገፋ፥ ቀስ በቀስ ቢያፈገፍግ ይሻላል። ነገር ግን መሠረቱ አንድ ነው። ዳሌ ዝቅ ይላል፥ ዐይን አይታለልም፥ እግርም አይቸኩልም። ዘሎ የሚገባ ተከላካይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደ ተባለው ይሆናል።

ሌላው ደግሞ «መከላከል የጨዋታን ውበት ያጠፋል» ይል ይሆናል። እኔ በበኩሌ ያልተጠበቀ ውበት ዕድሜ የለውም እላለሁ። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ ቡድናችን ከካሜሩን ጋር በአፍሪካ ዋንጫ ሲጋጠም ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ጐል አግብቶ ሁላችንንም ከመቀመጫችን አስነሥቶን ነበር። ጨዋታው ያለቀው ግን 4 ለ 1 በሆነ ውጤት ተሸንፈን ነው። ይህን የማነሣው በዚያ ቀን የተጫወቱትን ለመውቀስ አይደለም። የብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚገኘው እዚሁ፥ «አንተ ኋላ ቁም» ከሚባሉት ልጆች መካከል ነው። ሳናስተምረው ያቆምነውን ልጅ ጐል ሲገባ ብንሰድበው፥ ስድቡ ለማን ነው የሚገባው?

ስለዚህ ለስፖርት መምህራንና ለየሰፈሩ አሠልጣኞች የማቀርበው አሳብ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። አራት ድንጋይና በአፈሩ ላይ የተሰመሩ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ። ከልምምዱ ሰዓት ሃያው ደቂቃ ወደ ኋላ ለመሮጥ፥ ለመመለስ፥ ዳሌን ለማዞርና ለመስተዋቱ ጨዋታ ይሰጥ። እንደ ጉግስም ተራ ይኑር፤ ፊት የሚጫወተው ልጅ ኋላ፥ ኋላ የሚቆመውም ፊት ይሞክር። ተከላካይ ሲመረጥም ከተረፉት ሳይሆን ዐይነ ንቁ ከሆኑትና ከማይቸኩሉት ይመረጥ።

እኔም ምክር ብቻ እንዳይሆንብኝ ከሰፈሬ ልጆች ጋር ሞከርሁት። በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ሲሮጡ ሁሉም በየተራ ወደቁና ሜዳው በሳቅ ተሞላ። በሁለተኛው ሳምንት የሚወድቀው አነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ቡድን ስንከፍል፥ ከሁሉ ፈጣን የሆነው፥ ፊት ካልተሰለፈ የሚያኰርፈው ልጅ እጁን አውጥቶ፥ «ዛሬ ኋላ እኔ ልሁን» አለ። ጓደኞቹ ተገርመው አዩት። እኔም «በር ከፋች» የተባልሁበት ያ የመስከረም ቀን ትዝ አለኝ፤ በዚያን ጊዜ ይህን የሚያስተምር ሰው ቢገኝ ኖሮ ስሜ ይተርፍ ነበር ብዬ አሰብሁ።