ካይላስን ለመዞር የሚቸኩሉ

በምዕራብ ቲቤት ወደሚገኘው ካይላስ ተራራ በየብስ የሚጓዝ ሰው ዕቅዱን ከገንዘቡ በፊት ከከፍታው ቢጀምር ይሻላል። ሂንዱዎች የሺቫ መኖሪያ የሚሉት፣ ቡድሂስቶች፣ ጃይኖችና የቦን እምነት ተከታዮችም የሚያከብሩት ይህ 6,638 ሜትር ተራራ አናቱ አይረገጥም፤ ይዞራል እንጂ። ዙሪያው 52 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገሬው ተወላጅ በአንድ ቀን ሲጨርሰው ያየ እንግዳ ልቡ ይነሣሣል፤ ነገር ግን ያ ሰው ስስ አየር እየተነፈሰ ያደገ ነው። በዚሁ ዙሪያ መንገድ ላይ፣ ከ5,600 ሜትር በላይ ባለው የዶልማ ላ መተላለፊያ፣ የጸሎት ጨርቆች በድንጋዩ ላይ በተደራረቡበት ቦታ፣ ሳይለማመድ የደረሰ መንገደኛ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ሳንባው ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ቶሎ ካልወረደ ሊሞት ይችላል። የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድና ያለ አስጎብኚ ወደ ስፍራው ስለማይገባ፣ መኪናውንም መንገዱንም እንዳሻው አይወስንም። በእጁ የሚቀረው የቀን ብዛት ነው። እናም ተጓዥ ሆይ፣ ከአስጎብኚው ጋር ውሉን ከመፈረምዎ በፊት፣ ከፍታውን ለመልመድ በቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ላይ የዕረፍት ቀናት ያስጨምሩ።